ሦስት ወይስ ስምንት

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞተር ቁጥር ያጸዳሁት በግራይንደር ነው። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል። አሮጌ ፒክአፕ ነበረኝ፤ ባዛሜንቶው፣ ማለትም የሞተሩ ዋና አካል፣ ቀልጦ የተቀዳ ብረት ሲሆን ቁጥሩ የተመታበት ቦታ በዝገትና በየጊዜው በተደራረበ ቀለም ተሸፍኖ ነበር። ልሸጠው አስማምቼ ስጨርስ ገዢው ቁጥሩን ማየት ፈለገ፤ እኔም ቸኮልኩ። ክብ የሽቦ ብሩሽ ግራይንደሩ ላይ ገጥሜ አንድ ደቂቃ ያህል ያዝኩበት። ብረቱ እንደ መስተዋት አበራ። ከስምንቱ አኃዞች ስድስቱ ቀሩ፤ ሁለቱ ግን በጣት ሲዳሰሱ ብቻ የምትታወቅ ስርጉድ ነገር ትተው ጠፉ። ገዢው ዝም ብሎ ሲያየው ቆየና «ማን ነው የፋቀው?» አለኝ። እኔ ነኝ ብለውም አላመነኝም፤ የሞተር ቁጥር የሚፋቅበትን ምክንያት ሁሉም ሰው ያውቃልና። መኪናውን ሳይገዛ ሄደ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል ቮልስ እጄ ገባች። ሊብሬዋ ላይ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈዋል። የሻንሲው ቁጥር በ117 ይጀምራል፤ ይህም ለሚያውቀው ሰው ብዙ ይናገራል። ፋብሪካው ከነሐሴ 1964 ጀምሮ በሠራው አቆጣጠር የፊተኞቹ ሁለት አኃዞች የመኪናዋን ዓይነት ያመለክታሉ፤ 11 ጣሪያዋ ድፍን የሆነውን ቮልስ፣ 15 ደግሞ ጣሪያዋ የሚታጠፈውን። ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉ ዓመት ነው። ስለዚህ 117 ማለት ከነሐሴ 1966 እስከ ሐምሌ 1967 ባለው የምርት ዘመን የወጣች፣ ጣሪያዋ ድፍን ቮልስ ማለት ነው። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ «ኤች 0» ብሎ ይጀምርና ስድስት አኃዞች ይከተሉታል። በዚያ ዘመን «ዲ» የ1200 ሲሲ፣ «ኤፍ» የ1300፣ «ኤች» የ1500 ሲሲ ሞተር ምልክት ነበር፤ የ1500ው ሞተር ለቮልስ የመጣውም ከዚሁ የ1967 ሞዴል ጋር ነው። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ይስማማል። እኔም ይህንኑ ስምምነት አይቼ፣ ብረቱን ሳላይ፣ ገዛኋት።

ለዓመታዊ ምርመራ ስወስዳት ተቆጣጣሪው የኋላውን ኮፈን ከፍቶ የእጅ ባትሪውን ከላይ ወደ ታች አበራና፣ «የሞተር ቁጥሩ አይታይም፤ አጽድተውት ይምጡ» አለኝ። ግራይንደሩ ትዝ አለኝ።

በቮልስ የሞተር ቁጥሩ የሚገኘው ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር፣ የባዛሜንቶው ሁለት ግማሾች ከሚጋጠሙበት መስመር አጠገብ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ከኋላ ለቆመ ሰው ፊት ለፊት ነው ማለት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ከኮሎው (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሌጃ (መዘውር) ወደ ዲናሞው የምትወጣው ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ከፊቱ ስለምታልፍ ለማንበብ አንገት ማጣመም ግድ ይላል። ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። የዘይት መሙያው አፍ ከዚያው ከዲናሞው እግር ጎን የተገጠመ በመሆኑ፣ ዘይት በተሞላ ቁጥር አንዲት ጠብታ አፉን አልፋ ወደ ታች ትወርዳለች፤ አቧራውና ከቺንጋዋ የሚረግፈው የጎማ ብናኝ ደግሞ እዚያች ጠብታ ላይ ይለጠፋሉ። ይህ ለሃምሳና ለስልሳ ዓመት ሲደጋገም ቁጥሩ ላይ የሚጋገረው ነገር ዘይት መሆኑ ቀርቶ ቅጥራን ይመስላል። በእኔዋ ላይ ውፍረቱ የጥፍር ያህል ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ስልክ ደውዬ የማማክራቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ አሉ። «ጋሼ፣ በምን ላጽዳው?» አልኳቸው። «በምን የሚለው ይቆይ፤ መጀመሪያ ብረቱ ምንድን ነው?» አሉኝ። ብረቱ ብረት አለመሆኑን ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት።

የቮልስ ባዛሜንቶ የሚቀዳው ከማግኒዥየም ቅይጥ ነው። አንዷ መኪና በሞተሯና በካምቢዮዋ ወደ 20 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ማግኒዥየም ትሸከማለች። የተመረጠው ለቅለቱ ነው፤ አንድ ኩብ ሴንቲሜትር ማግኒዥየም 1.74 ግራም ሲመዝን አልሙኒየም 2.7፣ ብረት 7.87 ግራም ይመዝናሉ፤ ሞተሯ ከኋላ ጎማዎቿ ወዲያ ለተንጠለጠለ መኪና ደግሞ እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል። ነገር ግን ማግኒዥየም ለስላሳ ነው፤ የብረት ሽቦ ብሩሽ ይቧጭረዋል፤ የነሐስ ብሩሽም ቢሆን ለመታመን የሚበቃ አይደለም። አሲድ ደግሞ ይበላዋል። ብዙ ሰው ዝገት ለማስለቀቅ ኮምጣጤ ይመክራል፤ ለብረት ምክሩ መጥፎ አይደለም፤ ማግኒዥየም ላይ ግን ኮምጣጤው ወዲያው ይፍለቀለቃል፤ የሚፍለቀለቀውም ቆሻሻው ሳይሆን ቁጥሩን የተሸከመው ገላ እየሟሟ ነው። የአልሙኒየሙ ጠባይ በተቃራኒው ነው፤ እርሱን የሚፈታው ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ማግኒዥየም ግን ሶዳውን ይቋቋማል። እንግዲህ አንዱን ሞተር ያዳነ መድኃኒት ሌላውን ሊገድል ይችላል ማለት ነው። ግራይንደሩንማ ተዉት፤ የማግኒዥየም ብናኝ በእሳት ፍንጣሪ ይቀጣጠላል፤ ከተቀጣጠለ በኋላ ውኃ ቢደፉበት ሃይድሮጂን እየፈጠረ እሳቱን ያባብሰዋል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የመኪናዋን ባትሪ ነቀልኩ፤ ሞተሩ ፍጹም እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ። ከዚያ የዲናሞውን ፑሌጃ ፈትቼ ቺንጋዋን አወጣሁ። የቮልስ ፑሌጃ ለሁለት የሚከፈል ነው፤ በግማሾቹ መካከል የሚገቡት ቀጫጭን ሮንዴላዎች ቺንጋዋ ምን ያህል እንደምትወጠር ስለሚወስኑ፣ ስንቱ ከውስጥ ስንቱ ከውጭ እንደነበሩ ቆጥሬ በወረቀት ያዝኩ። ይህን ያላደረገ ሰው ቁጥሩን አንብቦ ሲያበቃ ቺንጋዋን መልሶ ለመወጠር ግማሽ ቀን ያጠፋል። ቀጥሎም ቆሻሻውን ገና ምንም ሳልነካው ፎቶ አነሳሁት። ከፒክአፑ የተማርኩት ይህንን ነው፤ ጽዳት ወደ ኋላ አይመለስም፤ ከመጽዳቱ በፊት የነበረውን መልክ የሚመሰክር ነገር ከሌለ ደግሞ ሰው የሚያምነው የከፋውን ነው።

ጨርቅ በነጭ ጋዝ አርሼ ቁጥሩ ላይ ለጥፌ ሃያ ደቂቃ ያህል ተውኩት። ቤንዚን ፈጥኖ ይፈታ ነበር፤ ነገር ግን ትነቱ አደገኛ ነው፤ ለመጋገር ስልሳ ዓመት የፈጀን ቆሻሻ በአምስት ደቂቃ ለመፍታት መቸኮልም ለእኔ ዓይነቱ ሰው አይበጅም። ጨርቁን ሳነሳው ቡናማ ሙጫ የመሰለ ነገር ይዞ መጣ። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በነጭ ጋዙ እየነከርኩ በክብ በክብ አሸሁት፤ ጠርዝ ጠርዙን ደግሞ በእንጨት ስንጥር። እንጨት የተሻለ ነው፤ ብረቱን ሳይጎዳ ራሱ ይሰበራል። ሦስት ጊዜ ጨርቅ ቀይሬ ሦስት ጊዜ ካሸሁ በኋላ ግራጫው ገላ ብቅ አለ፤ በግራጫው መካከልም ጥቁር ሆኖ የተጻፈ «ኤች»።

እዚህ ላይ ቆምኩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ይመስለኛል። ቁጥሩን እስከ ሥሩ ጠርጎ ማብራት ሥራውን የመጨረስ ያህል ይቆጠራል፤ ነገር ግን ሰርጉዱ ከዙሪያው ጋር እኩል ግራጫ ከሆነ ዓይን የሚይዘው ልዩነት የለም። የላይኛው ገጽ ብቻ ጸድቶ ሰርጉዱ ውስጥ ቆሻሻው ሲቀር ግን ያው ቆሻሻ ቀለም ሆኖ ያገለግላል። ባዛሜንቶው የጠቆረ ብረት ከሆነ ሰዎች ጠመኔ ቀብተው ገጹን ይጠርጋሉ፤ ነጩ ሰርጉዱ ውስጥ ይቀራል፤ ዘዴው አንድ ነው፣ ቀለሙ ብቻ ይገለበጣል። እኔ ጠመኔ አላስፈለገኝም።

«ኤች»፣ ዜሮ፣ ከዚያ አኃዞቹ አንድ በአንድ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ሦስት ነው አልኩ፤ ሊብሬውም 3 ነው የሚለው። በሦስቱ ግራ በኩል ግን ያልጸዳ የመሰለ ጥላ ነበር።

አሮጌ ቁጥር ሲነበብ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉት አኃዞች የታወቁ ናቸው፤ 3 እና 8፣ 5 እና 6፣ ደግሞም የአውሮፓ ፋብሪካዎች አናቱ ላይ ረዥም ጭረት የሚሰጡት 1 ከ7 ጋር። ፊደል ሲጨመርበት ይብሳል። የዛሬዎቹ መኪኖች ባለ 17 ምልክት መለያ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የሚሏቸውን የላቲን ፊደላት ጨርሶ የማይጠቀመው ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ነው፤ ያ ሥርዓት ግን በአሜሪካ ግዴታ የሆነው ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ስለሆነ የእኔዋን ዘመን አልደረሰባትም።

መሸት ሲል ትንሽ ባትሪ ይዤ ተመለስኩ። ከላይ ወደ ታች ሳበራው ሦስት ነው። ከታች ወደ ላይ ሳበራውም ሦስት። ባትሪውን ከግራ በኩል ብረቱን ሊነካ እስኪቀርብ አጋድሜ ሳበራው ግን ሦስቱ ግራ ጎኑን አወጣ፤ ሁለት ቀጫጭን ቅስት ጥላዎች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ነገሩ ካሰቡት ቀላል ነው። ብርሃን ሰርጉድን አቋርጦ ሲመጣ አንዱ ጠርዝ ሌላውን ያጠላበታል፤ በሰርጉዱ ርዝመት ልክ ሲፈስስ ግን ጥላ የሚጥልበት ጠርዝ አያገኝም። ሦስትን ከስምንት የሚለዩት በግራ በኩል ያሉት መስመሮች ወደ ቋሚነት ያዘነበሉ ናቸው፤ ስለዚህ ከላይ ለሚመጣ ብርሃን አይታዩም። ቮልስ ላይ ደግሞ ኮፈን ከፍቶ የቆመ ሰው ሁሉ የሚያበራው ከላይ ነው። ቁጥሩን ወደ ሊብሬው የገለበጠው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ያየውን ነው የጻፈው ብዬ አምናለሁ።

ያም ሆኖ ጥላ ብቻውን አላሳመነኝም። የእንጨት ስንጥሩን በጥርሴ አሹዬ፣ የዚያን አንድ አኃዝ ግራ ጎን ብቻ በአጉሊ መነጽር እያየሁ መኮርኮር ጀመርኩ። ከቀኝ በኩል የወጣው ቆሻሻ ብዙ ነበር፤ ሰርጉዱ ጥልቅ ነው። ከግራ የወጣው ግን ከጨው ቅንጣት የማይበልጥ ጥቁር ፍርፋሪ ሆነ፤ ሥሩም የተድበለበለ፣ የለሰለሰ፣ አንዴ በመዶሻ የተገፋ ብረት መልክ ያለው ነበር። ቧጨራ ቢሆን ጠርዙ ሸካራ፣ ሥሩም ሹል ይሆን ነበር። አኃዙ ሲመታ ማኅተሙ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ አርፏል፤ ቀኙ ጠልቆ ግራው ሳስቶ የቀረው ለዚህ ነው። ስምንት ነው። ቀጭን ወረቀት ለጥፌ በለስላሳ እርሳስ ሳሸው ወረቀቱም ስምንት አለ።

መዳሰስና ማየት የሚገባቸው ሌሎች ምልክቶችም አሉ፤ በጽዳት ጊዜ የሚጠፉትም እነርሱ ናቸው። ሞተር ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር ይገኛል። አንደኛው ብረቱ ሲቀዳ አብሮት የተወለደ፣ ጎልቶ የወጣ ነው፤ የክፍሉን ዓይነት፣ አንዳንድ ጊዜም የተቀዳበትን ቀን ይነግራል። ሁለተኛው በኋላ በመዶሻ ወይም በማሽን የተመታ፣ ጠልቆ የገባ ነው። በአሜሪካዊው የሼቭሮሌት አነስተኛው ቪ8 ሞተር ላይ ጎልቶ የወጣው ቀን ከባዛሜንቶው ጀርባ፣ ካምቢዮው ከሚታሰርበት ከንፈር አጠገብ ይገኛል፤ ወሩ ከ«ኤ» እስከ «ኤል» ባለ ፊደል ይጻፋል፤ «ኤ» ጥር፣ «ኤል» ታኅሣሥ መሆኑ ነው። የተመታው ቁጥር ደግሞ ከፊት በቀኝ በኩል፣ ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ ክዳን) ጫፍ ቀድማ በምትታይ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ነው። የመጀመሪያው ፊደል ፋብሪካውን ይናገራል፤ ለምሳሌ «ቲ» የቶናዋንዳ ነው። ከዚያ አራት አኃዞች ወርና ቀኑን ይሰጣሉ፤ መጨረሻ ላይ ያሉት ፊደላት ሞተሩ ለምን ዓይነት መኪና እንደተዘጋጀ ያመለክታሉ። ዓመቱ እዚያ ላይ የለም፤ ከጀርባው ከጎላው ቀን ጋር ተዳምሮ ነው የሚታወቀው።

ያች ጠፍጣፋ ገጽ ቴስታታው ከሚቀመጥበት ወለል ጋር በአንድ ጊዜ የተቆረጠች በመሆኗ የፋብሪካው መቁረጫ ትቷቸው ያለፈ ጥቃቅን ትይዩ መስመሮች ይታዩባታል፤ ቁጥሩ የተመታው በእነርሱ ላይ ነው። ሞተሩ ሲታደስ ወለሉ እንደገና ከተላገ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል፤ ሐሰተኛ ቁጥር የሚመታ ሰው ታዲያ አኃዙን መኮረጅ ይችል ይሆናል እንጂ እነዚያን መስመሮች መመለስ ይከብደዋል። ሞተሩና ሻንሲው አብረው ከፋብሪካ ለወጡለት ኮርቬት (የሼቭሮሌት የስፖርት መኪና) ብዙ ገንዘብ የሚከፍል ገዢ ከቁጥሩ እኩል የሚመረምረው መስመሮቹን ነው። እንግዲህ ባለቤቱ ቁጥሩ ደምቆ እንዲታይለት ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ቢያሸው፣ አኃዞቹ ሁሉ ተርፈውም እንኳ እውነተኛው ሞተር የሐሰተኛ መልክ ይይዛል። የእኔ ፒክአፕ ላይ የደረሰው ይኸው ነበር፤ ስድስቱ አኃዞች እውነተኛ ነበሩ፣ ግን የቆሙት በሚያብረቀርቅ ባዶ ገጽ ላይ ስለነበር እነርሱንም ማንም አላመናቸውም።

ስለ ሁለቱ የጠፉ አኃዞች በኋላ ያወቅሁት ነገር አለ። ማኅተም ብረት ላይ ሲመታ የሚጎዳው ገጹ ብቻ አይደለም፤ ከሰርጉዱ በታች ያለው የብረት ቅንጣትም ተጨምቆ ይቀራል። ቁጥሩ ተፍቆ ገጹ ቢስተካከል እንኳ የተጨመቀው ክፍል ለኬሚካል የሚሰጠው ምላሽ ካልተጨመቀው ይለያል። የወንጀል መርማሪዎች የመዳብ ክሎራይድንና ሃይድሮክሎሪክ አሲድን በቀላቀለ ፈሳሽ የተፋቀ የብረት ቁጥር ለጊዜው አውጥተው ፎቶ የሚያነሱት በዚህ ምክንያት ነው። ያን ሁሉ ዓመት ከመሬት ጠፍተዋል ያልኳቸው አኃዞች እዚያው ከገጹ ሥር ሳይሆኑ አይቀሩም ነበር። ለፒክአፑ ግን አልደረሰም፤ ለመለዋወጫ ተቆራርጦ ተሸጧል።

ቁጥሩ ስምንት መሆኑን ካወቅሁ በኋላም ለራሴ መንገር የነበረብኝ አንድ ነገር ቀረ፤ የሞተር ቁጥር የሚመሰክረው ስለተመታበት ቁራጭ ብቻ ነው። የ1500ው ቮልስ ሲሊንደር ስፋቱ 83 ሚሊሜትር ነው፤ የ1600ው 85.5 ሚሊሜትር ነው፤ የኮሎው ምት በሁለቱም 69 ሚሊሜትር ሆኖ የሲሊንደሩ መግቢያ ቀዳዳም እኩል ስለሆነ፣ የ1600ው ሲሊንደር ከነፒስተኑ ባዛሜንቶው ሳይላግ ገጥሞ ይገባል። ስለዚህ ከውጭ «ኤች» የሚል ሞተር ከውስጥ 1600 ሊሆን ይችላል፤ የእኔዋ ምን እንደሆነች ቴስታታውን የማወርድ ዕለት አያለሁ። ለጊዜው ባዛሜንቶው የዘመኑ ነው፤ ለእኔ ይህ ይበቃኛል።

ወደ ምርመራው የተመለስኩት ከጽዳቱ በፊትና በኋላ የተነሱትን ፎቶዎችና በእርሳስ የታሸውን ወረቀት ይዤ ነው። ተቆጣጣሪው ባትሪውን እንደ ልማዱ ከላይ አበራና፣ «ሦስት ነው፤ ከሊብሬው ጋር ይገጥማል፤ ምን ችግር አለው?» አለኝ። እውነት ለመናገር ዝም ብሎ መሄድ ይቻል ነበር። «እባክዎ ከግራ ያብሩት» አልኩት። አበራ፤ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ከዚያ ባልደረባውን ጠራ፤ እርሱም ጎንበስ አለ። ማስተካከያው ሁለት ወር ፈጀ፤ ስለ ሁለቱ ወራት የምናገረው ብዙ ነበረኝ፣ ግን ትቼዋለሁ።

ቺንጋዋን በቆጠርኳቸው ሮንዴላዎች መልሼ ገጠምኩ። የጸዳው ማግኒዥየም ራቁቱን ሲቀር እርጥበት ነጭ ዱቄት ስለሚያወጣበት በጨርቅ ጫፍ ስስ የሞተር ዘይት ቀባሁት። ባለፈው ሳምንት ዘይት ስሞላ አንዲት ጠብታ እንደ ወትሮው ከአፉ አመለጠች፤ በዲናሞው እግር ላይ ወርዳ «ኤች»ው ላይ ስትደርስ ቆመች። ጨርቁ እጄ ላይ ነበር፤ አልጠረግኋትም።